የኮንጋው ቤልጅግ

ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም። ርችት ሲፈነዳ እንኳ ጆሮዬን ይዤ ከጠረጴዛ ሥር ልገባ ምንም አይቀረኝም። ሆኖም ዲላ መጥታችሁ «የጠመንጃዋ ሴትዮ የት ናት?» ብትሉ የባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ቢሮዬ በር ላይ ያደርሷችኋል። ስሙን ያወጡልኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረው አባቴም በሕይወት ሳለ አይምረኝም ነበር። «ሐር ስታገላብጥ ያደገች ልጅ ዝገት ስትፍቅ ትውላለች» እያለ ለደንበኞቹ ያማኝ ነበር።

ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። የአካባቢውን አሮጌ ዕቃ ሰብስበን የምናሳይባት አንዲት ጠበብ ያለች ክፍል አለችን፤ እሷን እጠብቃለሁ፣ አልፎ አልፎም አስተምራለሁ። ልቤ ያለው ግን አሮጌ ጠመንጃ ላይ ነው። ሰው አባቱ ወይም አያቱ የተወለትን ውጅግራ፣ ምንሽር ወይም ቤልጅግ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ዝገቱን በዘይት አርሼ፣ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥርና ማህተም አንብቤ፣ የት ተሠርቶ፣ በማን እጅ ገብቶ፣ የትኛው ጦርነት ላይ እንደዋለ እከታተላለሁ። የንጉሡ አንበሳ ያለበት አለ፤ በደርግ ጊዜ አንበሳው በሞረድ የተፋቀ አለ፤ ጣሊያን ማርኮት ተመልሶ የተማረከም አለ። በየአገሩ ያሉ የጠመንጃ አዋቂዎች የተሰበሰቡበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥም ገብቻለሁ። ያቃተኝን ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ፤ ከሆነ የዓለም ጥግ አንዱ ይመልስልኛል።

ሥራውን የምወደው የማልታለልበት ስለሚመስለኝ ነበር። ሰው ስለ ዘመቻው ሲያወራ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ብረት ላይ የተመታ ቁጥር ግን ማንንም ደስ ለማሰኘት ብሎ አይለወጥም። ለተማሪዎቼም ይህንኑ ነበር የምነግራቸው፤ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምነግራቸው። ከኮንጋ ከተመለስኩ ወዲህ ይህን ንግግር አላደረግሁም።

ነገሩ የጀመረው ተስፋዬ የሚባል የቡና ነጋዴ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ቢሮዬ የመጣ ዕለት ነው። ተስፋዬ የኮንጋ ልጅ ነው። ኮንጋ ይርጋጨፌ አጠገብ ያለች የቡና ቀበሌ ናት።

«መምህርት፣ እስቲ ይቺን እያት» አለኝ ጆንያውን እየፈታ። «የአባቴ ናት። ሕጋዊ ናት፤ ፈቃዷ በእኔ ስም ነው።»

ቤልጅግ ነበረች። ደግሞ ምን ዓይነት! ብረቷ ላይ የንጉሡ አንበሳ ግማሽ ፊቱ ተፍቆ ግማሹ ቀርቷል። እንጨቷ በዘይት ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

«ማን ነው እንዲህ የወለወላት?»

«እኔ ነኝ። አባቴ ሰደፏን ድሮ በመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ጠቅልሎ አስሯት ነበር፤ ላጥኩትና ጣልኩት። ኤግዚቢሽናችሁ ላይ ተሰቅላ ድንገት ሲያያት ደስ እንዲለው ብዬ ነው። እስካሁን አላወቀም።»

«እሳቸው ስለ ጦርነቱ ምን ይላሉ?»

«ምንም!» አለና ሳቀ። «በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ሚሊሺያ ሆኖ ዘምቶ በሕይወት የተመለሰ ሰው ነው። ሌላው ቢሆን በወሬው አገር ያምስ ነበር። የኔ አባት ግን ትሁት ነው። ሽማግሌዎቹ ሶንጎ ውስጥ ቦታ ሰጥተውት እንኳ አይገባም። ከአጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማል እንጂ።»

ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት፣ የተጣላ የሚያስታርቁበት፣ ዳኝነት የሚሰጡበት የታጠረ ቦታ ነው። እዚያ መቀመጥ ክብር ነው። ክብር የማይሻ ሰው ማየት ዘንድሮ ብርቅ ስለሆነ፣ የተስፋዬን አባት አቶ ጅግሶን ገና ሳላያቸው ወደድኳቸው።

ቤልጅጓን ተረክቤ ሥራ ጀመርኩ። ቁጥሯም ማህተሟም ጥሩ አድርጎ ይነበባል። ቤልጅየም ተሠርታ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ለንጉሡ ጦር ገብታ፣ ከጣሊያን ጋር ተዋግታ፣ ኋላ ግምጃ ቤት ስትከርም ቆይታ፣ በመጨረሻ ለሚሊሺያ የታደለች ናት። አንድ ነገር ብቻ አላስተኛኝ አለ። ሰደፏ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አለ፤ ግማሽ ክብ፣ መሃሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ መስመር፣ ከሥሩ ሁለት ነጥብ። የየትኛው ጦር ምልክት ነው? ፎቶውን ለቴሌግራም ሰዎቼ ላክሁ። ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ ሊደባደብ ደረሰ። በመጨረሻ አንዱ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ጦር የማረከውን መሣሪያ የሚያትምበት ምልክት ነው አለ። ማስረጃ አላቀረበም፤ ግን ታሪኩ ያምራል። እኔም ለኤግዚቢሽኑ በማዘጋጀው ጽሑፍ ላይ እንዲሁ ብዬ ጻፍኩ። የቀረኝ ኮንጋ ሄጄ አዛውንቱን ማነጋገር ብቻ ነበር።

የሄድኩት በቡና ለቀማ ወቅት ነው። ከይርጋጨፌ ሞተር ተኮናትሬ ስሄድ፣ በየደጁ የማድረቂያ አልጋዎቹ ላይ ቡናው ተሰጥቶ ሴቶቹ እያገላበጡ ይለቅሙታል። ኮንጋ ልንደርስ ስንል ሰማዩ ባልታሰበ ሰዓት ጠቆረ። ያኔ የሆነውን ሩጫ ብታዩት! ሊደርቅ የተቃረበ ቡና ዝናብ ከመታው የዓመት ልፋት ነው የሚበላሸው፤ ሰው ሁሉ ላስቲክ ይዞ ወደ አልጋው ተሯሯጠ። የሞተሩ ባለቤትም «እህቴ ብቻዋን ናት፣ መጣሁ» ብሎኝ ከነሞተሩ ቁልቁል ተሰወረ። እኔ መንገድ መሃል ከነቦርሳዬ ቀረሁ። ዝናቡ ወረደብኝ፤ ቅርብ ወዳየሁት ቤት ሮጥኩ።

በሩ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ቆመዋል።

«ግባ ልጄ፣ ግባ! ዝናብ አይምታህ» አሉኝ። አማርኛቸው እንደ ብዙ የጌዴኦ እናቶች ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም እንደ አመጣላቸው ይጠሩታል። ስማቸው አየለች ነው። በርጩማ አቀረቡልኝ፣ ፀጉሬን የማደርቅበት ነጠላ ሰጡኝ። የማን እንግዳ እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

«የአቶ ጅግሶ።»

«ጅግሶ ጎረቤቴ ነው። ዛሬ ቤት የለም። ሽማግሌዎች ሶንጎ ናቸው፤ እሱም እዚያ ከአጥር ውጭ ነው።»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልል ቀና ስል፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የተንጠለጠለ ነገር አየሁ። ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ አሮጌ የንብ ቀፎ ነው። አንድ ጎኑ በምስጥ ተበልቷል። በሌላው ጎኑ ላይ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ግማሽ ክብ፣ መሃሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ መስመር፣ ከሥሩም ሁለት ነጥብ።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።  የጣሊያን ማህተም ያልኩት የንብ ቀፎ ምልክት ሆኖ ተገኘ! ደስታ ደግሞ ሰውን ያቀልለዋል፤ አንድ ደቂቃ ሳላስብ ስልኬን መዠረጥኩ።

«እማማ፣ ይሄ ምልክት የማን ነው?»

«የበራሶ። የባለቤቴ ነው። እዚህ አገር ቀፎ ዛፍ ላይ ስትሰቅል ምልክትህን ታትማለህ፤ ሌላ ሰው አይነካውም። የበራሶ ይሄ ነው። ከዛፍ ሊወድቅ ሲል አስወረድኩት። የእጁ ሥራ ይሄ ብቻ ነው የቀረው።»

«እንግዲያ ይህንን ይመልከቱ!» ብዬ ፎቶውን ፊታቸው ላይ ደቀንኩ።

ሴትዮዋ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። አራቁት፣ አቀረቡት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው መስተዋቱን ዳበሱት፤ ፎቶው ተንቀሳቀሰና ጠመንጃዋ ሙሉዋን ወጣች። ፊታቸው ላይ የሆነውን ሳይ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። 

«ይሄ ጠመንጃ ከማን ቤት ነው?»

ስልኩን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ጅግሶ ቤት ነው» አሉ ራሳቸው።

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ባላቸው በራሶና ጅግሶ የልጅነት ጓደኛሞች ነበሩ። በአንድ ቀን ተጠርተው፣ በአንድ መኪና ተጭነው ሄዱ። እሳቸው ያኔ ገና ሙሽራ ነበሩ። ጅግሶ ጠመንጃ አንግቦ ተመለሰ፤ በራሶ ግን አልተመለሰም። ጅግሶን ሄደው ጠየቁት።

«‹ሲሞት አላየሁም› አለኝ» አሉ። «ሁልጊዜ ጠየቅሁት፣ ሁልጊዜ እንደዚህ አለኝ። ሲሞት ያየ ሰው ከሌለ መርዶ የለም። መርዶ ከሌለ ለቅሶ የለም። አላለቀስኩም፣ ሌላ ሰውም አላገባሁም። ቀበሌ ‹ባል አለህ?› ይለኛል፤ ‹መንገድ ላይ ነው› እላለሁ። ፀጉሬ ሸበተ፣ እሱ አሁንም መንገድ ላይ ነው።»

ነገሩን ላበርድ ሞከርኩ። «እማማ፣ ምናልባት የምልክት መመሳሰል ይሆናል» አልኩ። እኔ ራሴም አላመንኩትም።

«ምልክት አይመሳሰልም» አሉና ተነሱ። «ዝናብ አበቃ። ና እንሂድ።»

«የት?»

«ሶንጎ። ሶንጎ ውስጥ ውሸት የለም። እዚያ የዋሸ ዘሩ ይጠፋል። ውጭ ነው እኔ ስጠይቀው የኖርኩት። ውስጥ ልጠይቀው።»

ያን ጊዜ የተስፋዬ ሳቅ ትዝ አለኝ። አባቴ ትሁት ነው፣ ከአጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል ያለኝ።  አዛውንቱ ያን ሁሉ ዘመን የሸሹት ክብሩን አልነበረም።

መንገዱ ጭቃ ነው። በእንሰቱ መካከል እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። ሁለት ጊዜ ልመልሳቸው ሞከርኩ፤ ሁለት ጊዜም እንዳልሰማ ሆኑ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆመው እርጥብ ሣር ነጩና በሁለት እጃቸው ያዙት። ሣር ይዞ የመጣ ሰው አቤቱታው ሳይሰማ አይመለስም።

ሶንጎው ትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ በውስጥ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ከአጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ፣ ኮታቸው የረጠበ ቀጭን ሽማግሌ አሉ። አቶ ጅግሶ ናቸው። ተስፋዬ አጠገባቸው ጥላ ይዞ ቆሟል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ወዲያው ደግሞ ከማን ጋር እንደመጣሁ አየና ግራ ገባው።

እማማ አየለች ጅግሶን እንዳላዩ አልፈው በሩ ላይ ቆሙ። ከዚህ በኋላ የተባለው ሁሉ በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ ነው፤ ዲላ ያደግሁ ነኝና እሰማለሁ።

«አባቶቼ፣ ሣር ይዣለሁ» አሉ። «ጅግሶ ይግባልኝና አንድ ነገር ልጠይቀው።»

የሽማግሌዎቹ መሪ በማዕረጋቸው ሀይቻ ወራሳ ይባላሉ። ሣሩን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ ከዚያ ወደ አጥሩ ዞሩ። «ጅግሶ፣ ግባ» አሉ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አለ ተስፋዬ። «አባቴ ታሟል፣ ብርድ መትቶታል፤ ሌላ ቀን...»

አባትየው እጁን ያዙት። እኔን አዩኝ፣ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አዩ። «ካላማዳሪያውን ማን ፈታው?» ብለው ጠየቁ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለውም።

«እኔ ነኝ አባባ» አለ ልጁ።

«እሺ» አሉ። ጫማቸውን አወለቁና ገቡ። ከተሰበሰበው ሰው መካከል ሲገቡ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

እማማ አየለች ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «የበራሶ ጠመንጃ እንዴት አንተ ቤት ገባ?»

አቶ ጅግሶ መሬቱን እያዩ ጀመሩ። ከጀመሩም አላቆሙም።

«ከጅጅጋ ወዲህ ስንሸሽ ነው። እኔ የራሴን ጠመንጃ ጥያለሁ። ስሮጥ ከበደኝ፣ ጣልኩት። ጠመንጃውን ጥሎ የተመለሰ ይረሸናል ተብለናል፤ ሲረሸኑም በዓይኔ አይቻለሁ። ሜዳው ላይ በራሶን አገኘሁት። እግሩን ተመቷል። ጠመንጃው ደረቱ ላይ ነው። ያቺ ምልክት አለችበት፤ ማሠልጠኛ ሳለን ጠመንጃ እየተቀያየረ ስላስቸገረን በጋለ ሚስማር ያተማት እሱ ነው፤ ተገርፎባታል። ሲያየኝ ‹ጅግሶ፣ እንኳን መጣህ› አለኝ።»

«ሰጠህ?» አሉ እማማ አየለች።

«አልሰጠኝም። ወሰድኩበት።»

«ያዘው?»

«በሁለት እጁ ያዘው። ጎተትኩት።»

«እጁ ብርቱ ነበር?»

«ብርቱ ነበር።»

«እንግዲያ ሊሞት አልነበረም» አሉ እማማ አየለች።

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አላለም።  ተስፋዬ ጥላውን ዘቅዝቆ ይዞት ኖሮ ውሃው እግሩ ላይ ይወርዳል፤ አላወቀውም።

«ከዚያስ?» አሉ ሀይቻ ወራሳ።

«ከዚያ ሮጥኩ። ጠራኝ፤ አልዞርኩም። ስለዚህ ነው ሲሞት አላየሁም የምላት። ውሸት አልተናገርኳትም።»

«ምልክቱንስ ለምን አልፋቅከውም?» ሲሉ አንድ ሌላ ሽማግሌ ጠየቁ።

«ሞረዱን ስንት ጊዜ አነሳሁት። እጄ እምቢ አለ። ጠቀለልኩት።»

እማማ አየለች ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ሣሩን እግራቸው ሥር አኖሩት። «ካሳ አልፈልግም» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ሞቷል በሉኝ። ከእናንተ አፍ ልስማውና ላልቅስ።»

ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በሕይወት አለ የሚል ማን ነው? በራሶ እንደሞተ ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቃል። እኔም ቶሎ ብለው ይገላግሏቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ሽማግሌዎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። ተንሾካሾኩ። ሀይቻ ወራሳ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ ተነሡ።

«ልጄ፣ እኛ አላየንም» አሉ። «ያላየነውን እዚህ ቆመን አየን ማለት አንችልም። ውጭ ብትጠይቂን እንልሽ ነበር። እዚህ ግን አንችልም።»

ሴትዮዋ እውነቱን ፍለጋ የመጡበት ቦታ ራሱ በር ዘጋባቸው።   እማማ አየለች አንድ ጊዜ ወዲህ አንድ ጊዜ ወዲያ አዩ፤ መንገድ የጠፋባት ሕፃን መሰሉ። አቶ ጅግሶ ያንን አዩ። ኮታቸውን አወለቁና መሬት ላይ አኖሩት።

«እኔ ልበለው» አሉ።

«አላየሁም ብለሃል» አሉ ሀይቻ ወራሳ።

«አላየሁም። ግን እግሩን የተመታ ሰው ጠላት ፊት ያለ መሣሪያ፣ ያለ ውሃ ትቼ ሄጃለሁ። ይህን ያደረገ ሰው ገድሏል። የገደለ ደግሞ ሟቹን ያውቀዋል።» ከዚያ ወደ እማማ አየለች ዞሩ። «አየለች፣ በራሶ ሞቷል። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«አባባ!» ብሎ ጮኸ ተስፋዬ ከአጥር ውጭ። «ምን እያልክ ነው? ጠላት ነው የገደለው! ጦርነት ነው!»

አባትየው አልዞሩም። በሶንጎ ገድያለሁ ያለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። እርቁ በወጉ እስኪፈጸም ከሰው ጋር ማዕድ አይቆርስም፤ የሰው ቤት አይገባም፤ ነገሩ ለልጆቹም ይተርፋል። ሽማግሌዎቹ ይህን ቃል መቀበል አለመቀበል ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሀይቻ ወራሳ «ሰምተናል» አሉ። ሌሎቹም አንድ በአንድ «ሰምተናል» አሉ።

ያን ጊዜ እማማ አየለች ጮኹ። ሰው በዚያ ዕድሜው እንዲህ ይጮሃል አልልም ነበር። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ደረታቸውን መቱ፣ ልክ ዛሬ ጠዋት በመስክ ወድቆ የተገኘ ሰው መርዶ እንደተረዱ ሆነው «በራሶ! በራሶ!» አሉ። ቡና ላይ የነበሩ ሴቶች ላስቲካቸውን ጥለው ከየቁልቁለቱ መጡ። ግማሾቹ በራሶ ሲዘምት ያልተወለዱ ናቸው። ሁሉም አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ለማን እንደማለቅስ ግን አላወቅሁም።

ስወጣ ተስፋዬ መንገዱ ላይ ጠበቀኝ። «አባቴን አስከብሪልኝ ብዬ ነው የሰጠሁሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። አልፈርድበትም።

ጠመንጃዋ ዛሬም እኔ ዘንድ ተቆልፎባት አለች። ተስፋዬ አልወሰዳትም፤ እማማ አየለችም ጠመንጃዋ ወደ ደጃፌ እንዳትመጣ አሉ። ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ ቀድጄ ጣልኩት። የቴሌግራም ሰዎቼ አሁንም «የዚያ ምልክት ነገር ምን ላይ ደረሰ?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ አልመለስኩላቸውም። 

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ጥሩ ሠርተሻል ወይስ ክፉ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እስካሁን አልቆረጠልኝም። አንዲት ሴት በእኔ ምክንያት ባሏን አልቅሳ ቀበረች። አንድ ሽማግሌ በእኔ ምክንያት ከሰው ተለየ። አቶ ጅግሶ ያን ቀን የተናገሩት ያመኑትን እውነት ነው ወይስ ለሴትዮዋ ሲሉ የተሸከሙት ዕዳ? ብዙ ቀን አሰላስዬዋለሁ፤ ብረት ላይ እንደተመታ ቁጥር የሚነበብ ነገር አይደለም። ሥራዬን አልተውኩም። ግን አሁን ጠመንጃ ሲመጣልኝ መነጽሬን ከማውጣቴ በፊት «ከዚህ ቤት ሄዶ ያልተመለሰ ማን አለ? ከጎረቤትስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ጆንያውን መልሶ ይጠቀልልና ይሄዳል። አላስቆመውም። እናንተም ቤታችሁ ተጠቅልሎ የኖረ ነገር ካለ፣ ከመፍታታችሁ በፊት የጠቀለለውን ሰው ጠይቁት፤ በሕይወት ሳለ ጠይቁት።

አቶ ጅግሶ እርቁ ሳይፈጸም ሞቱ። ቀብራቸው ሄጄ ነበር። ሰው ጥቂት ነው የመጣው፤ የመጣውም ራቅ ብሎ ቆሟል። ከሬሳው አጠገብ ሆነው የሚያለቅሱት ልጆቻቸውና እማማ አየለች ብቻ ነበሩ። እማማ አየለች ያለቀሱት ልቅሶ ያን ቀን ሶንጎው በር ላይ ከሰማሁት የሚያንስ አልነበረም። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ክንዳቸውን ደግፌ ስንወጣ መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ጠየቅሁ።

«እማማ፣ ይቅር አሏቸው ማለት ነው?»

«አላልኩትም» አሉኝ። ትንሽ ሄደው ቆሙ፤ አዲሱን አፈር ዞረው አዩት።

«በራሶን መጨረሻ ያየው የሱ ዓይን ነው ልጄ። ዛሬ እሱንም ቀበርነው።»